ሲወድቅ የሚያሳዝን ዳቦ

«ከእነዚህ ውስጥ መሬት ላይ ቢወድቅ አብልጦ የሚያሳዝነው የትኛው ነው?»

ጠያቂዋ ከፊቴ ወረፋ የያዘች ሴት ናት። ቦታው ኮሎምበስ ከተማ፣ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ያለው የጁነዲን ሱቅ፣ ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የገባሁት በርበሬ ልገዛ ነበር። ጁነዲን ባንኮኒው ላይ ሦስት ዳቦ ደርድሮላታል፤ አንድ ትልቅ ድፎ፣ አንድ አምባሻ፣ አንድ ደግሞ በላስቲክ የታሸገ የፈረንጅ ዳቦ።

«ምን አልሽ?» አላት።

«ወድቆ ስታየው አንጀትህን የሚበላህ የቱ ነው?»

«ለምንድን ነው የሚወድቀው?»

«እኔ ነኝ የምጥለው። ሰዎች እንዲረግጡት።»

ጁነዲን ሦስቱንም ዳቦ በሁለት ክንዱ ሰብስቦ ወደ ራሱ ሳባቸው። ልጆቹን ከመኪና መንገድ የሚያሸሽ አባት መሰለኝ። «እህል እኮ ነው!» አለ። «እፀገነት፣ ደንበኛዬ ነሽ፤ ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ። ልትበዪው ከሆነ ውሰጂ። ልታስረግጪው ከሆነ ግን እንኳን ከእኔ፣ ከፈረንጅ ሱቅም እንዳትገዢ!»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አጨበጨበች። «አየህ! ይሄንን ነው የምፈልገው! ይሄን ፊትህን ነው የምፈልገው! ሱቁን ዘግተህ ብትመጣልኝ እኮ ዳቦውንም አልፈልግም ነበር!»

እንዲህ ያለ ነገር ላይ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ይቅርታ እህቴ፣» አልኳት፣ «ለምን ሊሆንሽ ነው?»

ዞረችልኝ። አርባን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ የአስታማሚዎችን ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ናት፤ ፀጉሯ ላይ እርሳስ ሰክታለች፤ ዓይኗ አንድ ቦታ አያርፍም። «ለጃፓን ነው፣» አለችኝ። «ለሾጉኖች ዘመን። አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የቀረኝ፤ ይሄን ዳቦ ካላገኘሁ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ድራማ ዛሬ መሞቱ ነው!»

እንዲህ የሚል ሰው ትቶ በርበሬ የሚገዛ ማን ነው?

ጁነዲን ግን ፍንክች አላለም። «ዋስ ጥሪ፣» አለ። «እንደማይጣል፣ መጨረሻ ላይም እንደሚበላ ዋስ ጥሪና ድፎውን ውሰጂ።»

«እኔ ዋስ ነኝ፣» አልኩ። ስሟን የሰማሁት ገና አሁን ከእሱ አፍ ነው። ዋስ ደግሞ ከዕቃው አይለይምና ድፎውን ታቅፌ አሮጌ ኮሮላዋ ውስጥ ገባሁ።

የገባሁበት የኋላ ወንበር በገላ መታጠቢያ ቤት ጋዋን ተሞልቷል። ሮዝ፣ ነጭ፣ ባለ አበባ።

«ኪሞኖ ናቸው፣» አለችኝ በመስታወት እያየችኝ። «ከአሮጌ ልብስ መሸጫ ነው የለቀምኳቸው። መታጠቂያቸው ሰፋ እንዲል መጋረጃ ቀድጄ ሰፋሁላቸው። ጥቁሩ የምረቃ ጋዋን የሾጉኑ ሹም ነው። ያ ጥቁር ካልሲ ደግሞ የሹሙ ቁንጮ ነው፤ አትቀመጪበት።»

ከከተማው ወጣ ወዳለችው ጋሃና በሚወስደው ሃይዌይ ላይ እየነዳች ታሪኳን አጫወተችኝ። ስትናገር እጇን ከመሪው ላይ ታነሣለች፤ እኔ ዳቦውን በአንድ እጄ፣ የበሩን እጀታ በሌላው እጄ ይዤ ነው የሰማኋት።

እፀገነት ተወልዳ ያደገችው ናዝሬት ነው። ድራማ የጀመራት ገና ልጅ ሆና ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት የዮናስን ታሪክ ስታዘጋጅ ዓሣ ነባሪውን ከጆንያ ሰፋችው። ዮናስ የሆነው ልጅ ሆዱ ውስጥ ገብቶ እንቅልፍ ወሰደው፤ ዓሣው ቢተፋው ቢተፋው አልወጣ አለ፤ ጉባኤው በሳቅ አለቀ። «ያን ቀን ነው የተለከፍኩት፣» አለችኝ። በዲቪ ኮሎምበስ ስትመጣ መጀመሪያ መጋዘን ሠራች። እዚያም ዝም አላለችም፤ በምሳ ሰዓት የሱፐርቫይዘሩን አረማመድ እያሳየች ሠራተኛውን በሳቅ ስታፈርስ፣ አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ ከኋላዋ ቆሞ አይቶ «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት። ከዚያ ወደ አረጋውያን እንክብካቤ ዞረች። ከሁለት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር በምትገኝ አንዲት ትንሽ ቤት ተመደበች። የቤቲቱ እመቤት ሚስስ ኢዋናጋ ይባላሉ፤ ዘጠናን ያለፉ፣ ከናጋሳኪ ባሕር ዳርቻ፣ ከዓሣ አጥማጆች መንደር የመጡ ጃፓናዊት ናቸው።

«አንድ ጠዋት እግራቸውን እያጠብኩ እዘምራለሁ፣» አለች እፀገነት። «‹ክርስቲያን ነሽ?› አሉኝ። ‹አዎ› አልኳቸው። እግራቸውን ከውኃው አወጡና አሳዩኝ። ‹እኔ የመጣሁት ከረገጡት ሰዎች ነው› አሉኝ።»

«ምን ከረገጡት?»

«እሱን እኮ ነው የምነግርሽ!»

እንዲህ ነው ነገሩ። ጃፓንን ያኔ በእጁ የያዘው ሾጉን የሚባለው የጦር አለቃ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አለ፣ ይከበራል፣ ይሰገድለታል፤ የሚያዘው ግን ሾጉኑ ነው። በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ ጎንደር ተቀምጦ ራሶቹ እንደሚገዙት ማለት ነው። ክርስትና በፖርቱጋል ሚስዮናውያን በኩል ገብቶ ብዙ ሰው አምኖ ነበር፤ ሾጉኖቹ ግን ከለከሉት፤ ሚስዮናውያኑን አባረሩ፣ የአገሪቱንም በር ዘጉ። እኔም እዚህ ላይ አላስችል ብሎኝ ጣልቃ ገባሁ። «አፄ ፋሲል የእኛዎቹን ፖርቱጋሎች ባባረሩበት ጊዜ ገደማ መሆኑ ነው!» እፀገነት መሪውን በመዳፏ መታች። «እኔም እንዲሁ ብዬ ጮኬ ነው ሚስስ ኢዋናጋን ያስደነገጥኳቸው!»

ከዚያ በኋላ በነዚያ መንደሮች በየአዲስ ዓመቱ የሾጉኑ ሹሞች ይመጣሉ። የኢየሱስ ወይም የእናቱ ምስል የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ መሬት ላይ ያኖራሉ። መንደርተኛው ተሰልፎ አንድ በአንድ ይረግጠዋል፤ ሽማግሌውም፣ እመጫቷም፣ የታቀፈ ሕፃንም ሳይቀር። ሹሙ እግር ብቻ አይደለም የሚያየው፣ ፊትም ያያል። የዘገየ፣ የተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እንባ ያዘለ ይያዛል። አልረግጥም ብለው የሞቱ ብዙ ናቸው። የሚስስ ኢዋናጋ ሰዎች ግን ረገጡ። ረግጠው ቤታቸው ይገባሉ፣ በር ይዘጋሉ፣ ያለቅሳሉ፣ የንስሐውን ጸሎት ይደግማሉ። ቄስ የላቸውም፤ እናት ለልጇ በቃል ነው የምታስተምረው። በዓመቱ ደግሞ ተመልሰው ይረግጣሉ። እንዲህ ሆነው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖሩ። የሾጉኖቹ ዘመን ሊያከትም ሲቃረብ፣ ለፈረንጆች ብቻ ተብሎ ናጋሳኪ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ጥቂት ገበሬዎች እየፈሩ ገብተው ቄሱን በሹክሹክታ «ልባችን ከልብህ ጋር አንድ ነው» አሉት።

«ከነዚያ ረጋጮች ነው እንግዲህ ሚስስ ኢዋናጋ የተገኙት፣» አለች እፀገነት። «ባይረግጡ ኖሮ እሳቸው የሉም። እግራቸው እጄ ላይ እንደነበረ ‹ይሄንን በቤተ ክርስቲያናችን አሠራዋለሁ፤ እርስዎም ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ› አልኳቸው። ‹ዘጠና ዓመት ሙሉ ታሪካችንን በመድረክ አሳያለሁ ያለኝ ሰው የለም› አሉኝ። ነገ እሁድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ምሥረታ በዓል። ልብሳቸውን መርጠው ወንበር ላይ ዘርግተዋል!»

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?»

«ችግሩ?» ሳቋን ለቀቀችው። «ችግሩማ ፕሮቴስታንት መሆናችን ነው!»

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ተዋናዮቿ ወደ ሰሌዳው ቀረቡ። ሰሌዳው የካርቶን ነው፤ ቢታንያ የምትባለው፣ የእናትየዋን ቦታ የምትጫወተው ልጅ ማርያምን ከነልጇ ሥላበት ወርቃማ ቀለም ቀብታዋለች። አባወራውን የሚጫወተው ኤልናታን እዚሁ ኮሎምበስ የተወለደ የኮሌጅ ተማሪ ነው። ተራው ደረሰ፤ መጣ፤ ረገጥ ረገጥ አድርጎ አለፈ። «እንዴ ኤልናታን፣» ብትለው፣ «እየተሠቃየህ እኮ ነው የምትረግጠው!» «ዋይ? ኢትስ ጀስት ኤ ፒክቸር፣ እትዬ!» አላት። ሥዕል ብቻ ነው፣ ምን ያሠቃየኛል ማለቱ ነው። ቢታንያም «ለሥዕል አንሰግድ፤ ቢረገጥስ?» ብላ በሁለት እግሯ ቆመችበት። የቀሩትም እየተሣሣቁ አለፉበት።

«የሾጉኑ ሹም ሊይዛቸው መጥቶ ሸልሟቸው ነው የሚሄደው!» አለች እፀገነት። «ጃፓን ውስጥ እንዲህ ያለ ታዛዥ መንደር አልነበረም!»

ከሁሉ የባሰው ግን ጋሼ አምሃ፣ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ፣ ያን ቀን ከኋላ ተቀምጠው ማየታቸው ነው። «እፀገነት፣ ልጆቹ ልክ ናቸው፣» አሏት። «ደግሞስ የረገጠ ሰው ምን ምሳሌ ይሆነናል? ያልረገጡትን፣ የሞቱትን አታሳዪንም? ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ። እንዲሁ ከሆነ እሁድ በቦታችሁ መዘምራን ይግቡበት።»

«ዳቦው ደግሞ ከየት መጣ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው! ቁርስ እያበላኋቸው ቁራሽ ዳቦ ከእጄ አመለጠ። አንሥቼ ሳም አድርጌ መስኮቱ ላይ አኖርኩት። ሚስስ ኢዋናጋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ‹አሁን ምንድን ነው ያደረግሽው?› ‹ምንም› አልኳቸው። ‹ዳቦ ሳምሽ› አሉኝ። መሳሜን እኔ መች አወቅሁት! ከዚያማ ሥራዬን እንዴት እንደጨረስኩ እግዜር ይወቅ፤ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ይኸው ጁነዲን ጋ ሮጥኩ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ስንደርስ መኪናዋን በሁለት መስመር መካከል አቁማ ወረደች። እኔም ዳቦዬን ታቅፌ ተከተልኳት።

አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ ጋዋናቸውን አጥልቀው ሲቀላለዱ ደረስን። ሹሙን የሚጫወተው የአብሥራ የሚባል ረጅም ልጅ ነው፤ ካልሲውን አናቱ ላይ አስሮ አገኘነው ብዬ እንዳልዋሽ፣ እፀገነት እየሮጠች ያሰረችለት እሷ ናት። ከዚያ የካርቶኑን ሰሌዳ አነሣች። ድፎውን ከእጄ ወሰደች። ምንጣፉ መሐል አስቀመጠችው።

ልጆቹ ዳቦውን ከበው ቆሙ።

«በሉ፣» አለች። «እንደ ባለፈው ሳምንት። በተራ በተራ ርገጡ።»

ማንም አልተነቃነቀም።

«እትዬ፣» አለች ቢታንያ፣ «ዳቦ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

«የተበላሸ ነው?»

«ዛሬ የተጋገረ ነው። ሞቅ ይላል።»

«እንግዲያ ብትገድዪኝም አልረግጥም!» ብላ ቢታንያ ጋዋኗን ሰብስባ ወደ ኋላ ሄደች።

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ አይ ጋት ዚስ፣» አለ ኤልናታን፤ ለእኔ ተዉት እንደማለት። ደረቱን ነፍቶ መጣ። ያን ጀልባ የሚያህል ነጭ ስኒከሩን አነሣ። እግሩ ከዳቦው በላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። ቆመ አልኩ፤ ቆመ! ልጁ ተወዛወዘ፤ እጆቹን ዘረጋ፤ ፊቱ ቀላ፤ እግሩ ግን አልወርድም አለ። «ዋይ ካንት አይ ዱ ኢት?» አለ በገዛ እግሩ እየተገረመ። ለምን አቃተኝ ይላል።

«ዳቦ እንደማይረገጥ ማን ነገረህ?» አለችው እፀገነት።

«ኖባዲ! አላውቅም... ማሚ ከወለል ላይ ስታነሣ... አላውቅም!»

«አታውርዳት!» ብላ ጮኸች። ካልጠፋ ቦታ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ እግሩን በሁለት እጇ ያዘችው። «ያቺን እግር አደራ! ይሄ የተሰማህን ነገር ሳትረሳ፣ ያቺኑ እግር ነው ሥዕሉ ላይ የምትወስድልኝ! ለዓሣ አጥማጁ ያ ሰሌዳ ካርቶን አይደለም፤ ይሄ ነው! ይሄው ራሱ ነው! ገባህ?»

«ኦ ማይ ጋድ፣» አለ ኤልናታን በአንድ እግሩ እንደቆመ። «እትዬ፣ ገባኝ።»

በዚህ መሐል የአዳራሹ በር ተከፈተ። ጋሼ አምሃ ናቸው፤ ቀደም ብለው መጥተዋል። እፀገነት ከተንበረከከችበት ተነሥታ ልትቀበላቸው ስትሮጥ ዳቦው እንዳለ ምንጣፉ ላይ ቀረ። ሰባ ስምንት የሚሆናቸው፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፤ በከዘራ ነው የሚራመዱት። «እንደምን ዋላችሁ» እያሉ በመተላለፊያው ሲወርዱ ዓይናቸው ድፎው ላይ አረፈ።

ምንም አልጠየቁም። ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ማን እንደሆንኩ አያውቁም፣ ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንዱን ወንበር ጨበጡ። «እህህ» ብለው በዚያ ጉልበት ጎንበስ፣ ጎንበስ፣ ጎንበስ አሉ። ዳቦውን አነሡት። በእጃቸው ጠራረጉት። ሳሙት። ግንባራቸውን አስነኩት። ደግመው ሳሙት። ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ፈልገው የመዘምራኑ ኪቦርድ ላይ አኖሩት።

«እህል መሬት ላይ?» አሉ ዞረው። «እዚህ አገር አድጋችሁ እንዲህ ሆናችሁ ቀራችሁ?»

ድንገት ከኋላ፣ ካልሲ አናቱ ላይ ያሰረው የአብሥራ ጣቱን ቀስሮ በሹም ድምፅ ጮኸ።

«ያዙት!»

ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። እኔም ከዘራውን ተደግፌ ነው የቆምኩት።

«ማንን ነው የምትይዙት?» አሉ ጋሼ አምሃ።

«እርስዎን ነዋ!» አለች እፀገነት፤ ትስቃለች፣ እንባዋን ትጠርጋለች። «ጋሼዬ፣ ተይዘዋል! ሾጉኑ ይሄኔ አስሮ ናጋሳኪ ወስዶዎት ነበር!» ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ ቁራሹ ዳቦ፣ ጁነዲን፣ የኤልናታን እግር፣ ሁሉንም። ጋሼ አምሃ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ኋላ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

እሷ ግን ሳቋን አቆመች። ዳቦውን ከኪቦርዱ አነሣችና በእጃቸው አስያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄን ካልረገጡ አይናለምን ከነልጆቿ ፊትዎ እንገድላለን ቢሉዎትስ?» አይናለም ልጃቸው እንደሆነች ኤልናታን በጆሮዬ ነገረኝ።

ጋሼ አምሃ ዳቦውን አዩት። አገላበጡት። እፀገነት ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች፤ ሁለት ዓመቷ፣ የሚስስ ኢዋናጋ የተዘረጋ ልብስ፣ ሁሉም በእሳቸው አፍ ላይ ነው ያለው።

«እረግጣለሁ፣» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «እረግጣለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ...» አልጨረሱትም። ዳቦውን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«ይኸው!» አለች እፀገነት። «ይኸው ነው ድራማው፣ ጋሼ! ሌላ የለውም!»

ጋሼ አምሃ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። «እስቲ ጀምሩ፣» አሉ።

ተጀመረ። የካርቶኑ ሰሌዳ ወለሉ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ኤልናታን ባለ አበባ ጋዋኑን ለብሶ መጣ፤ ማንም አልሳቀበትም። ያቺ እግር ተነሣች። ቆመች። ሹሙ አንገቱን አስግጎ ፊቱን ያያል፤ ልጁ ፊቱን ለማደንደን ይታገላል፤ ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ያቺ እግር ወረደች፤ ካርቶኑ ጭረት የመሰለ ድምፅ አሰማ። ጋሼ አምሃ በገዛ እግራቸው የተረገጡ ይመስል «ወይኔ» አሉ። ቀጥላ ቢታንያ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። ሕፃኑ የተጠቀለለ ፎጣ ነው። የፎጣውን ጫፍ ሰሌዳው ላይ ስታስነካ እኔ ማየት አቅቶኝ አቀረቀርኩ። ቤታቸው ገብተው፣ በር ዘግተው፣ ንስሐውን እየተቀባበሉ በሹክሹክታ ሲደግሙማ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የእነሱና የማሞቂያው ድምፅ ብቻ ነበር።

ሲያልቅ ጋሼ አምሃ ከዘራቸውን ተቀበሉኝ። «መዘምራን ከእናንተ በኋላ ይግቡ፣» አሉ። «እኚያ እናት በዊልቸር ነው የሚመጡት? እንግዲያው በጎን በር ይግቡ፤ ራምፑ፣ የዊልቸሩ መወጣጫ፣ በዚያ ነው። የፊቱን ቦታ ራሴ እይዝላቸዋለሁ።»

ጩኸቱን ልነግራችሁ አልችልም። የአብሥራ ቁንጮው ተፈትቶ በረረ። እፀገነት ጋሼ አምሃን ከነባርኔጣቸው አቀፈቻቸው። እኔ ከዚህ ሁሉ መሐል ዋስትናዬን አልረሳሁምና «ዳቦው ይበላ!» አልኩ። ጋሼ አምሃ ጸለዩበት፣ ቆረሱት፤ ከሹም እስከ ዓሣ አጥማጅ ተሻምተን በላነው። ለጁነዲን ማስረጃ የምትሆን አንዲት ቁራሽ በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ከተትኩ።

እፀገነት ሱቁ በር ላይ መልሳ አወረደችኝ። ሞተሩን አላጠፋችም፤ ነገ ሚስስ ኢዋናጋን ከማምጣቷ በፊት የቀረ መታጠቂያ ትሰፋለች። ግን እኔ ነኝና በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅኋት።

«ነገ ጠዋት እግራቸውን ስታጥቢ ምን ልትነግሪያቸው ነው?»

ትንሽ አሰበች። ፈገግ አለች።

«የእርስዎ ሰዎች ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሳይያዙ ኖሩ፣ እላቸዋለሁ። እኛን ግን ሾጉኑ ቢያገኘን ኖሮ፣ በአንድ ድፎ ዳቦ አንድ ሳያስቀር ይለቅመን ነበር።»